በዛንዚባር ዳርቻ የተደረደሩ ነጠላ ጫማዎች

ማክሰኞ ንጋት፣ ከሳሊተ ምሕረት ወደ ቦሌ

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። መንገዱ ገና ባዶ ነው፤ ሲኤምሲ ላይ ታክሲ የሚጠብቁ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ቆመዋል። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ጸበል አለ። ጋቢዬን በእጄ ይዣለሁ።

«እማማ፣ ወዴት ነዎት?» አለኝ የተሳፈርኩበት ታክሲ ሾፌር።

«ዛንዚባር። ባሕር መሃል ያለች ደሴት ናት።»

«እዚያማ ሙቀት ነው። ጋቢው ለምንድነው?»

«ውሃ ባለበት ብርድ አይጠፋም» አልኩት።

ልጄ ሐና እዚያ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ውሏ ሊያልቅ ነው። እሷ ማደስ ትፈልጋለች፤ እኔ ባሕር እፈራለሁ። በስልክ ተስማምተናል፦ መጥቼ አያለሁ፣ ሆዴ እምቢ ካለ አብራኝ ትመለሳለች።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ደሴቲቱ

ከአውሮፕላኑ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን እንደ ድስት እንፋሎት መታኝ። ጋቢውን ደበቅኩት። ሐና ጠቁራለች፣ ግን አልከሳችም።

ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ካሳቫ፤ ብስክሌት ላይ ዓሣ የጫኑ ሰዎች። በዓይኔ ተራራ ፈልጌ አጣሁ። ወደ ምሥራቅ ስንሄድ አፈሩ ሳሳና ዛጎል የተጣበቀበት ድንጋይ ብቅ ብቅ አለ። «ይሄ ሁሉ ድሮ የባሕር ወለል ነበር» አለችኝ ሐና። ታዲያ ባሕሩ ተመልሶ ቢፈልገውስ ብዬ አሰብኩ።

ሐና የተከራየችው ቢ ዙሁራ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው፤ «ቢ» እንደኛ «ወይዘሮ» ማለት ነው። «ማማ ሐና» ብለው አቀፉኝ። ለካ እዚህም እናት በልጇ ስም ትጠራለች።

ረቡዕ፣ ባሕሩ የሄደ ዕለት

«ሦስት ሰዓት ላይ ባሕሩ ይሄዳል» አለችኝ ሐና።

«በፈረንጅ ነው በኛ?»

«በኛ። እዚህም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እውነትም ሄደ። ጀልባዎቹ በጎናቸው አሸዋው ላይ ተኙ። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ወደነበረበት ገቡ። እዚያ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው ለሳሙና የሚሸጥ የባሕር ሣር ያለማሉ። ሐናም የእረፍት ቀኗ ስለሆነ አብራቸው ሄደች። እያየኋት አነሰች፣ አነሰችና ነጥብ ሆነች።

እኔና ቢ ዙሁራ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከቀትር በኋላ ውሃው መመለስ ጀመረ። አይሮጥም፤ ድምፅ ሳያሰማ ይሰፋል። ሴቶቹ እየወጡ ነው፣ ሐና የለችም። ከነጫማዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ።

ቢ ዙሁራ ደርሰው ክንዴን ያዙኝ። የጋራ ቋንቋ የለንም። በጣታቸው ዳርቻው ላይ የተደረደሩትን ነጠላ ጫማዎች አሳዩኝ። እያንዳንዷ ሴት ስትወጣ የራሷን ታነሳለች። ሁለት ጥንድ ቀርቷል፤ አንዱ ከመርካቶ ገዝቼ የላክሁላት ሰማያዊው ነው። ቢ ዙሁራ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ባሕሩ ተጣሩ። ከሩቅ ጆንያ ለሁለት የያዙ ሴቶች ቀና አሉ።

ሐና እስከ ጉልበቷ ረጥባ ደረሰች። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ?»

«ላወጣሽ ነበር።»

«ዋና የት ተምረሽ?»

ሁለቱ ጥንድ ሲነሱ ቢ ዙሁራ ቀሚሳቸውን አራግፈው ወደ ቤት ሄዱ። «ጫማ ከቀረ እሳቸው ቢዘንብም ከዛፉ ሥር አይነሱም» አለችኝ ሐና።

ወደ ማታ ነጭ መረቅ ያለው ባቄላ አቀረቡልኝ። ረቡዕ ስለሆነ ሳህኑን ገፋ አደረግሁ።

«ወተት አይደለም፣ የኮኮናት ጭማቂ ነው» ብላ ሳቀች ሐና። «ላሟ ዛፍ ላይ ናት።»

ጨርሼ በላሁ።

እሁድ፣ ወደ ቤት

ቦሌ የወረድኩት ብቻዬን ነው። ጋቢው ቢ ዙሁራ ጋ ቀርቷል፤ ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ንፋስ አለ።

አሁን የሐና የእረፍት ቀን ሲሆን ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ።

«ጫማሽን አነሳሽ?»

«አነሳሁ እማዬ። ቢ ዙሁራም ገብተዋል።»