ቦሩ ከአዞው ተረፈ ወይ?

ትናንት ከሰዓት ነጌሌ መናኸሪያ ሻንጣዬን ሻኪሶ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ሰው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ!» ማለት ከጀመረ ቆይቷል... እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ። ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ ቦሩን አየሁት።

ቦሩን ባታውቁት አይፈረድባችሁም። ልጅ ሆኜ፣ አባቴ እዚህ ካምፕ ወታደር ሳለ፣ የወታደሮቹ ክበብ ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ አንድ ገጽ የሚለጠፍ በእጅ የተሳለ የጀብዱ ታሪክ ነበር። ጀግናው ቦሩ የተዘረፈ ከብቱን ፍለጋ አንድ ሽፍታ ያሳድዳል። ችግሩ ምን መሰላችሁ... ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር መጀመሪያ በኦሮምኛ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። «አካም! ናጋ?» «ናጋ! ከብቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ዝናቡስ?» ጠመንጃ እንደተደገነ ገጹ በሰላምታ ያልቃል። ከታች «ይቀጥላል»።

መጨረሻ ያየሁት ገጽ ላይ ቦሩ ዳዋ ወንዝ ላይ ከቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አዞ አፉን ከፍቷል፣ ከላይ ሽፍታው ደግኗል። በዚያው ሳምንት አባቴ ተቀየረና ከተማውን ለቀን ሄድን። ቦሩ ይትረፍ አይትረፍ ሳላውቅ አደግኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ስለ ካርቱን የምጽፍበትን ይህን ገጽ የከፈትኩትም በዚሁ ቁጭት ነው... ስድስቱ ተከታዮቼ ዛሬ እወቁት።

የሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቦሩ አሁን ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ቢላ ይዞ ቆሟል። ዕድሜውን ከብት ሲፈልግ የኖረ ሰው የበሬ ሥጋ ሊሸጥ! አንድ ሽማግሌ ቁጢጥ ብለው እግሩን በብሩሽ ይጨርሳሉ።

«ጋሼ! የክበቡን ቦሩ የሳሉት እርስዎ ነዎት?»

«አካም፣ ናጋ?» አሉኝ።

«ናጋ። ቦሩ እኮ...»

«እናት አባት ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ጋሼ፣ ያ ሰላምታ የሥዕል አብዮት ነው! ጊዜውን ሲያዘገዩት፣ ውጥረቱን ሲያከሩት...»

«ልጆችስ?»

«ደህና ናቸው!»

ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» አለ። ላቤ መጣ።

በመጨረሻ ብሩሹን አስቀመጡ። «በፊት ያለ ሰላምታ ነበር የምስለው። የዚህ አገር ሰዎች መጥተው፣ ሰው ደህንነቱ ሳይጠየቅ ይተኮስበታል ወይ፣ ቦሩን ባለጌ አደረግኸው ብለው ተቆጡኝ። አስተካከልኩት።»

አብዮቱ ይኸው ነው እንግዲህ።

«ከአዞውስ ተረፈ?»

«አባትህ ማነው?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ቀሩ።

«ያ ረጅሙ! ቀለም የሚያመጣልኝ እሱ እኮ ነው። እሱ ሲቀየር ቀለሙም አለቀ... ቦሩም እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።»

አባቴ ስለ ቀለም አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም። ለካ ያመለጠኝ ገጽ የለም፤ ታሪኩ የቆመው እኛ ስንሄድ ነው።

«ልስለው ያሰብኩት ግን እንዲህ ነው» አሉ። «ቤተሰብ ሲጠያየቁ ሽፍታው የቦሩ ሚስት አጎት ሆኖ ይገኛል። ዘመድ ገድሎ ቤት ይገባል? እጁን ዘርግቶ ጎትቶ አወጣው፣ ከብቱንም መለሰለት።»

«አዞውስ?»

«ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።»

ዘወር ስል ሚኒባሱ የለም። እሱም ጠብቆ ጠብቆ ሄዷል... አዞው ግን ሻንጣ አልወሰደም።