ራስ ክምሬና አበልጄ

ራስ ክምር ጓሮዬ የተከልሁት ለንቦቼ ስል ነው። አበባው እሳት መስሎ በግንዱ ላይ ዙር በዙር ይከመራል። ሥሩን ከደጋ ስወርድ በቅጠል ጠቅልዬ አመጣሁት። መተማ ሐሩር ነው፣ አይይዝም ብለውኝ ነበር። ያዘ። ከሥሩ እየፈላ ቁመቴን አለፈ፤ ቢያጭዱትም ተመልሶ ይበቅላል። ቆላ ላይ በጋው ሲገባ ሌላው አበባ ይረግፍና ንብ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። የኔ ንብ ግን ራስ ክምሩን እየቀሰመ ይቀመጥልኝ ነበር። ቤቴም የሚያድረው ከድንበሩ ማዶ ገላባት ገበያ በምሸጠው ማር ነው።

ጣሊያን ከገባ በኋላ አርበኛ ይደበቅበታል ብሎ የመንገዱን ዳር ማስመንጠር ጀመረ። የኔ ጓሮ መንገዱን ይነካል። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ማጭድ ይዘው ሲመጡ አለቃቸው ከዓረብኛ በቀር አይሰማም። አስተርጓሚው ግን አበልጄ ነበር፣ ልጄን ክርስትና ያነሳው። እግዜር ጣለልኝ አልሁ። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም።

«አበልጄ፣ የንብ ቀለብ ነው ብለው ይንገሩልኝ» አልሁት።

አይዞዎት ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ አለቃው ዞረ።

«ገሽ ሳኪት» አለው።

ፊደል በወጉ ስለማልቆጥር ዓረብኛም የማልሰማ መስሎታል። ማር ሻጭ ነኝ እኮ። ዝም ብሎ ሣር ነው ማለቱ ነው። እኔም መስማት እንጂ መናገር ስለማይሆንልኝ አንዲት ቃል ይዤ «ነሐል፣ ነሐል» አልሁ፤ ንብ፣ ንብ ማለቴ ነው። አለቃው አበልጄን አየው።

«ነሐል ፊ ራሱ» አለ አበልጄ። ራስ በእነሱም ራስ ነው። ንቡ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ብሎ አሳቀብኝ። እየሳቁ አጨዱት።

ንቦቼ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ስፈልግ ከወንዙ ዳር አበልጄ ከሰቀላቸው አዳዲስ ቀፎዎች ገብተው አገኘኋቸው። ቀፎዎቹን የሰቀለው አበባው ከመታጨዱ በፊት እንደሆነ ጎረቤቶቹ ነገሩኝ። ሄጄ ብጠይቀው፣ «ንብ ከገባች የባለቀፎው ናት፣ አበልጄ፤ ይህን እርስዎ ያጡታል?» አለኝ። ወጉስ እንዳለው ነው።

ክረምቱ መጣና ራስ ክምሩ እንደ ልማዱ ከሥሩ ፈላ። መስከረም ላይ አበበ። ንቦቹ ከወንዙ ዳር እየመጡ ቀኑን ሙሉ ቀስመው ወደ እሱ ቀፎ ይመለሳሉ። ቆሜ አየሁና ዶማዬን አነሳሁ። ሥሩ ጥልቅ ነው፤ የተረፈው እንደገና በቀለ፣ እንደገና ቆፈርሁ። ሚስቴ ንቦቹ ምን አጠፉ ብላ ተቆጣችኝ። ምንም አላጠፉም። እስኪነቀል ድረስ ቆፈርሁት።