ወደ ፊት የሸሸን ዕለት

በንጉሡ ጊዜ ነው። ዳንግላ ላይ ተከላካይ ሆኜ ስጫወት አዲስ አሰልጣኝ መጣብን። «ኳሷ ልትላክ ስትል አራታችሁም ባንዴ ወደ ፊት ውጡ፤ አጥቂው ከኋላችሁ ብቻውን ከቀረ ኦፍሳይድ ነው፣ ፊሽካ ይነፋበታል» አለን።

ጎሉን ክፍት ትቶ የሚወጣ ምን ዓይነት ጤነኛ ነው? የግጥሚያው ዕለት ደግሞ አሰልጣኛችን ከተጋጣሚዎቻችን ከእንጅባራዎቹ አሰልጣኝ ጋር በአገውኛ ሲንሾካሾክ አየሁት። እኔ አገውኛ አልሰማም። «ሸጦናል!» አልኩ በሆዴ።

ቢሆንም ሲጮህብን ወጣን። አጥቂያቸው ብቻውን ቀረ፤ ኳሷን ተቀብሎ ዘና ብሎ አገባ። ፊሽካ የለም! ወደ ዳኛው፣ ወደ ከተማችን ሰው ወደ ጋሽ ታዬ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ኦፍሳይድ ነው እኮ!»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ሰውዬው የቆመበት ቆሟል፤ ጥላችሁት የሸሻችሁት እናንተ። ይልቅ እውነቱን ንገረኝ፣ በስንት ሸጣችሁን?»