የሊቀመንበሯ ሽሮፕ

ሯጩ ጉልበት የሚሰጥ መድኃኒት ወስዶ ሲታገድ ሰፈሩ «መርፌው» አለው። እገዳው ሲያበቃ አሠልጣኝ ልሁን አለ። ክለቡ ይሁን አይሁን ብሎ ሲሰበሰብ፣ እሱ በር ላይ እየተንቆራጠጠ የግቢውን ሣር ፈጀው።

አንዲት ሯጭ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዛ ብቅ አለች። መርፌው በመርፌው ዘመን እንኳ እንዲያ ሮጦ አያውቅም! ነጥቋት ቦይ ውስጥ ደፋው።

«እኔን ያየሽ ተቀጪ!»

«ኧረ ጋሼ፣ የሊቀመንበሯ ነው! ሳል ይዟቸው አምጪልኝ ብለውኝ ነው።»

ሊቀመንበሯ እያሳሉ ወጡ። ባዶውን ጠርሙስ አዩ።

«እኛ ‹ልጆቹን መድኃኒት ያስለምድብናል› እያልን እንጨቃጨቃለን! በል ግባ፣ አሠልጥን። ከእኔ ሽሮፕ ግን እጅህን ሰብስብ።»

መርፌው ገባ፤ ዓይኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረው የውሃ ጠርሙስ አልነቀል አለ።