የጀልባዋ ስም እስኪገለጥ

ካሪያኩ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት ጀልባ የሠራ ሰው ስሟን አስቀድሞ አይናገርም። ስሙ የተጻፈበት ባንዲራ ተጠቅልሎ ይሰቀላል፤ በጀልባዋ ጎን የተቀባው ጽሑፍም በጨርቅ ይሸፈናል። ሁለቱም የሚገለጡት ጀልባዋ ወደ ባሕር በምትጎተትበት ቀን ነው። ይህ ልማድ ነበር ለአይዴላ ኳሺ ራስ ምታት የሆነው።

አይዴላ ጠዋት ዳቦ ትጋግራለች፤ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ካለችው ቤተ መጻሕፍት ገብታ የመንደሩን ድረ ገጽ ትይዛለች። ደመወዝ የለውም። ሁለተኛ ልጇን ታቅፋ ሳለ፣ ማን እንደተጋባ፣ ማን እንደሞተ ለመጻፍ እንደ ዋዛ የጀመረችው ነው። ገጹን የሚያኖርላቸው ድርጅት በወር የሚፈቅደው ዳታ የተወሰነ ነው፤ እሱ ካለቀ ገጹ አዲስ ወር እስኪገባ ይዘጋል። ጀልባ በሌለበት ወር ግማሹም አይነካም። ጀልባ በሚወርድበት ቀን ግን አሜሪካ ብሩክሊን ያለውም እንግሊዝ ሃደርስፊልድ ያለውም የመንደሩ ልጅ በአንዴ ይከፍተዋል። ስሙ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት በየደቂቃው ይከፍታል፣ ይዘጋል። አምና ስሙ ሳይገለጥ ዳታው አለቀ፤ አይዴላም ሳምንት ሙሉ በስልክ ስትወቀስ ከረመች።

የዘንድሮው ከወቀሳም ያልፍ ነበር። የሰማንያ አንድ ዓመቱ አንክል ከትበርት የመጨረሻዬ ናት ያሏትን ጀልባ ጨርሰዋል። እህታቸው ሚስ ሜርል ሃደርስፊልድ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ጀልባዋ በምትወርድበት ቀን ማግስት ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነው። "የወንድሜን ጀልባ ስም በዓይኔ ሳላይ አልገባም" ብለዋል። በዚያ ዘመን ፎቶ በስልክ አይላክም፤ የሚስ ሜርል ልጅ ጆስሊንም ኢሜይል የላትም። ከሆስፒታሉ አጠገብ ካለ ቤተ መጻሕፍት ገጹን ከፍታ ልታትምላቸው ነበር። ያ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ጀልባዋ ከወረደች አንድ ሰዓት ቆይቶ ይዘጋል።

ጀልባዋ በምትወርድበት ቀን ጠዋት አይዴላ ስታይ፣ ሰዉ ከወዲሁ ገጹን ሲከፍት ሰንብቶ ከዳታው የቀረው ሩብ ያህል ነው። ገጹ እንዲቀል የድሮ ፎቶዎችን ሁሉ ሰረዘች፤ ገጹ ላይ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ከዚያ አንክል ከትበርት ዘንድ ሄደች።

"ስሟን ቢነግሩኝ አዘጋጅቼ እጠብቅ ነበር።"

"አንቺ ልጅ፣ እናትሽም እንዲሁ ነበረች። ድስቱን ሳትከፍት አታልፍም።"

"ለሚስ ሜርል ብዬ ነው እኮ አንክል።"

"እኔም ለሜርል ብዬ ነው የማልነግርሽ።"

ተመልሳ ብሩክሊን ላለው የአጎቷ ልጅ ለአልባን ደወለች።

"እናንተ ጋ ስንት ቤት ነው የሚከፍተው?"

"እዚህ ሕንፃ ላይ ብቻ አሥራ አራት ነን።"

"አንተ ብቻ ክፈት። ሌላው አንተ ቤት ይሰብሰብ።"

"አሥራ አራት ቤተሰብ? ያውም ጎረቤቴን ኮርኔልን ጨምሮ? ሚስቴ ታባርረኛለች።"

"ሩዝና አተራቸውን ይዘው ይመጣሉ በላት። እስክደውልልህ ደግሞ እንዳትነካው። አምና ዳታውን ማን እንደጨረሰብኝ አውቃለሁ።"

"እኔ አይደለሁም።"

"ማነው ታዲያ?"

"ኮርኔል ነው።"

ቶሮንቶና ለንደንም እንዲሁ ደወለች፤ በየከተማው አንድ ቤት ብቻ እንዲከፍት ተስማሙ።

ቀትር ላይ ጀልባዋን ያቆሟት የእንጨት ድጋፎች በመጥረቢያ ተቆረጡ፤ ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፤ ሕዝቡ ገመዱን ይዞ እየዘፈነ ጎተተ። ለጀልባዋ የተመረጠችላት የክርስትና እናት ባንዲራውን ፈታች፣ ጨርቁም ተነሣ። "ሜርል" ይላል። አንክል ከትበርት ማንንም ሳያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አይዴላ ፎቶ አንስታ ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ሮጠች። ቴምብር እስኪያህል አሳነሰችው፤ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈች። መጀመሪያ ለጆስሊን ደወለች፤ "ተከፈተልኝ፣ እያተምኩ ነው" እስክትል ለሌላ ለማንም አልደወለችም። ከዚያ አልባን፣ ከዚያ የቀሩት። የቀረው ዳታ እያነሰ ሄዶ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ጆስሊን ናት።

"ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋዋለች። መጀመሪያ ግን መነጽሯን አድርጋ አየችውና፣ 'የመጨረሻው ፊደል አጋድሏል' አለች።"

"ሌላስ?"

"'ነገ እገባለሁ' አለች።"

አይዴላ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዳ ለሽማግሌው የተባለውን ነገረቻቸው። አንክል ከትበርት ሱሪያቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡና ፊደሉን ቀረብ ብለው አዩት።

"እውነቷን ነው" አሉ። "ስትመጣ ታቃናዋለች።"