ሃያ ስምንት ዓመት የዘገየች ማሽን

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች «ጋሽ ፈረቃ» ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ቫልቭ ከፋቾቹ ናቸው። ለየትኛው ሰፈር ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ የሚነግራቸውን ወረቀት በየማለዳው የሚቀበሉት ከእሱ እጅ ነው። ወረቀቱን የምታወጣው ግን ማሽኗ ናት።

ማሽኗ ያለችው ምድር ቤት፣ ከመጋዘኑ ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስክሪኗ ጥቁር፣ ፊደሏ አረንጓዴ ነው። የሠራት ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። መለዋወጫ የሚገኝላት ከሌላ የሞተች ማሽን ሆድ ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሦስት ሬሳዎችን ጋሽ ፈረቃ በቁም ሳጥን ቆልፎ አስቀምጧል።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያው ወር «ይህቺ ጉድ ለምን አትወገድም?» ይላል። በሦስተኛው ወር መጠየቁን ይተዋል። በመሃል የሰፈር አሥራ አራትን ነገር ሰምቷላ። ሰፈር አሥራ አራት የሚባል ቦታ የለም፤ መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል። ከዝርዝሩ ቢሰረዝ ግን የሆስፒታሉ ውሃ ይቋረጣል። ድሮ ለሆስፒታሉ የተለየ መስመር ሲቀጠል ማሽኗ ላይ ባዶ ቁጥር አልነበረም፤ ጋሽ ፈረቃ ከአሥራ አራት ሥር ሸጎጠው። የኮረብታው ሰፈር ከታችኛው ቀድሞ ከተከፈተ አሮጌው ቧንቧ ይፈነዳል፤ ማሽኗ ይህን ታውቃለች፣ ምክንያቱ ግን የትም አልተጻፈም። እንዲህ ያለው ነገር ከመቶ ይበልጣል። ሁሉም ያለው በማሽኗ ውስጥና በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

የአሁኑ ሥራ አስኪያጅም እንደ ቀዳሚዎቹ «የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን እንዳንጥል» አለና ለጋሽ ፈረቃ የጡረታ ማራዘሚያ ደብዳቤ ጻፈለት። ይህ ሁለተኛው ማራዘሚያ ነበር።

ደብዳቤውን ቤት ይዞ ሲገባ ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። መርፌውን ከጨርቁ ሳታወጣ ቀና አለች።

«ስንት ጨመሩልህ?»

«አንድ ዓመት።»

«ጣውንቴ አልለቅህ አለች በለኛ።»

ማሽኗን የምትጠራት እንዲህ ነው። ጎረቤቶች ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም። ሴት ልጃቸው በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ወልዳ ተኝታለች፤ ከግቢዋ ባዶ ሁለት ክፍል አለ፣ ኑ እያለች ዓመት ሆኗታል። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን የምታስቀምጥበትን መስኮት እንኳ መርጣለች። የቀረው ባልየው ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሌላ ሰው ማሽኗን ካላወቀ አይለቀውም።

ጋሽ ፈረቃ ለሚስቱ ያልነገራት ነገር አለ። ሌላ ሰው እንዲያውቅ አይፈልግም።

*

ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው ልጅ ወደ መሥሪያ ቤቱ የመጣችው በዝናብ ወር መጀመሪያ ነው። ቫልቭ ከፋቾቹ ገና በሁለተኛው ቀን «ዲግሪ» አሏት። ሥራ አስኪያጁ የሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ አሮጌዋን ማሽን ከጋሽ ፈረቃ ተማሪ፣ ከዚያ ያለውን ሁሉ ወደ አዲስ ሲስተም አሻግሪ።

«ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ይህቺን አሳርፌ እርስዎንም ላሳርፍ ነው» አለችው፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች።

«ማረፍ የሚፈልግ ማን አለ?» አለ ለራሱ ያህል።

አስተማራት። እንዳላስተማረ ማንም ሊከሰው አይችልም። ወረቀቱ እንዴት እንደሚጎረስ፣ የማተሚያው የቀለም ሪባን እንዴት እንደሚቀየር፣ አዲስ ሰፈር እንዴት እንደሚጨመር፣ ሁሉንም አሳያት። ልጅቷ አንድ ጊዜ ያየችውን አትረሳም፤ ይህ ራሱ አናደደው። እሱ አራት ዓመት የፈጀበትን እሷ በአራት ሳምንት ጨረሰችው። አንድ ቀን ከምሳ ሲመለስ የፊደል ቁልፎቹን በጥጥና በአልኮል ስትወለውል አገኛት። ሠላሳ አንድ ዓመት በጣቱ ያለሰለሳቸው ቁልፎች ነጭ ሆነዋል።

«ማን ንኪ አለሽ?»

«ቆሽሾ ነው ጋሼ።»

«ቆሻሻ አይደለም፤ የኔ እጅ ነው።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሌላ ቀን ደግሞ የወንበሩን ቁመት ዝቅ አድርጋው አገኘ። ቁመቱን መልሶ ከፍ አደረገ። በማግስቱ እንደገና ዝቅ ብሏል። እንዲህ እያደረጉ ሁለት ሳምንት ሄዱ።

ከአሥራ አራት በቀር ግን የቁጥሮቹን ምክንያት አልነገራትም፤ ከሁሉ በላይ የደበቃት ደግሞ አንዲት ነገር ናት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኗ ከመነሳቷ በፊት ዓመቱን ትጠይቃለች። ሲሠሯት ዓመትን በሁለት አሃዝ ብቻ ነው ያስተማሯት፤ ምዕተ ዓመቱ ሲሞላ ግራ ተጋብታ አልነሳም ብላ ነበር። ያኔ ጋሽ ፈረቃ ሦስት ቀን ሙሉ አሰበና መላ መታ። የውሃው ተራ የሚለየው በሳምንቱ ዕለት ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ እያንዳንዱ ቀን በዚያው የሳምንት ዕለት ላይ ይውላል። ያንን ሰጣት፣ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ በዚያች ክፍል ውስጥ ጊዜው ምንጊዜም ሃያ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። መብራት ሲመለስ በትከሻው ስክሪኑን ከልጅቷ ጋርዶ ዓመቱን ይመታል፤ ከዚያ ዘወር ይላል። «ዕቃው ሲያረጅ ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል» ይላታል።

ውሸት አልነበረም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ቅናት ሲጀምር እንዲህ ነው፤ ክፉ ሥራ ሳይሠራ መልካሙን ያስቀራል።

*

በሦስተኛው ወር ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ አንድ ሳምንት ዓይንህ ይታሸግ፣ ስልክም አትንካ ብሎት ቤት ተኛ። ስልኩን ሚስቱ በሽርጧ ኪስ ያዘች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ሃሎ፣ ጋሼ?»

«ጋሼሽ ዓይኑ ታሽጎ ተኝቷል። ባለቤቱ ነኝ።»

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ማሽኗ ዓመት ትጠይቀኛለች፤ የዘንድሮውን ስሰጣት አልቀበልም አለች። በግምት ሌላ ሰጠኋት፣ ወረቀት አወጣች። ቫልቭ ከፋቾቹ ሳቁብኝ፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ወረቀቱ ሰኞ ይላል። ሆስፒታሉ ደግሞ ታንከሩ ውስጥ ያለው እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የሚበቃው። ጋሼን አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃቸው።»

ሚስቱ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከተች። ባሏ በጀርባው ተኝቶ፣ ዓይኑ በነጭ ታሽጎ፣ ራዲዮ ይሰማል። ሁለት እርምጃ ነው። ልትጠራው ትችል ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ የተጋቡበት ቀን በሚታሰብበት ዕለት፣ ከሥራ ገብቶ እየሳቀ የነገራት ነገር ነበር። «እሷ ዘንድ ሁሉም ነገር ሃያ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። እዚያ እኔና አንቺ ገና አልተዋወቅንም።» እሱ ወዲያው ረሳው። እሷ አልሳቀችም፣ አልረሳችምም። ባሏ በየቀኑ ጠዋት ተነስቶ፣ እሷ ወደሌለችበት ዓመት ይሄዳል ማለት ነው ብላ ያሰበችው ያን ዕለት ነው።

«ሃያ ስምንት ቀንሺ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምን አሉኝ?»

«ከዘንድሮው ላይ ሃያ ስምንት ቀንሺና ስጫት። እሺ ትልሻለች።»

በስልኩ ውስጥ የቁልፎች ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ማተሚያው ጮኸ። ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

«ሐሙስ አለች። እትዬ፣ እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«የጣውንቷን ዕድሜ የማታውቅ ሴት አለች እንዴ?» አለችና ስልኩን ዘጋች።

«ማን ነው?» አለ ባሏ ከውስጥ።

«ዩኒፎርም ፈላጊ።»

*

ዓይኑ ተፈትቶ ሥራ የገባ ዕለት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። መጀመሪያ ጠፍቶ ሲመለስ እሱ ከወንበሩ እስኪነሳ ልጅቷ ቀድማው ቁልፎቹን መታች። ማሽኗ ዓይኗን ገልጣ ተነሳች። አላመነታችም፣ አልተነጫነጨችም፤ ለእሱ እንደምትነሳው ተነሳች።

«ማን ነገረሽ?»

«እትዬ ናቸው። ባይነግሩኝ ሆስፒታሉ ጉድ ሆኖ ነበር።»

ልትደብቀውም አላሰበችም፤ የሚደበቅ ነገር መሆኑን አታውቅማ።

ቤት ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሚስቱ ፊት ቆመ።

«ለሰው ሰጠሻት።»

«ሰውማ ውሃ ሊያጣ ነበር።»

«እነሳ ነበር። ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«በየትኛው ዓይንህ?» አለች። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀጠለች፤ «እውነቱን ልንገርህ አይደል? ለሆስፒታሉ ብዬ ብቻ አይደለም። ደስ እያለኝ ነው የነገርኳት።»

ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን የጡረታው ደብዳቤ መጣ። ሥራ አስኪያጁ በስንብቱ ላይ እጁን ጨብጦ ሁሉም እየሰማ እንዲህ አለ፤ «እስከ ዛሬ የሚያስፈራን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርስዎ የታመሙ ለት ምን እንሆናለን የሚል። አሁን ሌላ ሰው አለን፣ ያውም ወጣት። ሠላሳ ዓመት ታገለግለናለች። የአዲሱ ሲስተም ነገር ምን አስቸኮለን? ይቆይ።»

ልጅቷ ከኋላ ቆማ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ እንዴት እንደጠፋ ጋሽ ፈረቃ አየ። አዲሱ ሲስተም እንዲመጣ የተማረችው ትምህርት አዲሱን ሲስተም አስቀረው። የሚያስፈራ ነገር ሲጠፋ የሚያስለውጥም ነገር ጠፋ።

*

ልጃቸው ግቢ ገቡ። ሚስቱ በመረጠችው መስኮት መኪናዋን አስቀመጠች፤ የልጅ ልጁ ጭኑ ላይ መተኛት ለመደ። ጋሽ ፈረቃ ግን በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይነሳና ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። አሁን ወረቀቱ እየወጣ ነው። አሁን ልጅቷ በእጇ ይዛዋለች።

ከአራት ወር በኋላ አንድ የጡረታ ፎርም ለማስፈረም በሚል ተመለሰ። ፎርሙ በፖስታ ቢላክ ይበቃ ነበር።

«ጋሽ ፈረቃ፣ ሚስትዎ አባረሩዎት እንዴ?» አለው አንዱ ቫልቭ ከፋች በሩ ላይ። ቀጥሎም ፊቱን ወደ ውስጥ መልሶ፣ «ዲግሪዬ፣ ለኮረብታው ስንት ሰዓት አልሽ ዛሬ?» አለ።

ዲግሪዬ። እሱን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ዬ» ብለው አያውቁም።

ልጅቷ ስታየው ዘላ ተነሳች፣ ወንበር ሰጠችው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። በመሃል ማሽኗ ማጓራት ጀመረች። ልጅቷ ንግግሯን ሳታቋርጥ ማሽኗን በግራ ጎኗ፣ ከታች ካለው ብሎን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት። ጸጥ አለች። ያቺን ቦታ ለማንም አላሳየም። ራሷ ፈልጋ አግኝታታለች። የሃያ ስምንቱ ነገር ያልቆረጠውን አንጀቱን ይህ ቆረጠው።

«ጋሼ፣ ከሳሁ አይደል?» አለች። «የእህቴ ሰርግ ነበር፣ ፈቃድ ከለከሉኝ። ማሽኗን ለማን ጥለሽ አሉኝ። ሠላሳ ዓመት እያሉ ይስቃሉ። ሠላሳ!»

«አሻግሪያታ።»

«ምኑን ላሻግር? በራሴ ሰዓት ጀምሬዋለሁ። ግን አሥራ አራት ምን እንደሆነ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሃያ ሦስትስ? አርባስ ለምን ሁለት ጊዜ ይመጣል? ሥራ አስኪያጁም የሚሉት ይህንን ነው፤ ውስጧ ያለውን ማን ያውቃል ብለን እንነካታለን? እሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፣ ያም ሄዷል።»

የልጅቷ እጅ አሁንም ማሽኗ ጎን ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚለውን ቃል እሷ እንደ እስራት ሰማችው፤ እሱ የሰማው ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ እጅ እዚህ ጎን ላይ።

ፎርሙን ሳያስፈርም ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ ሁለት ደብተር ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ አሥራ አንድ ቀን ጻፈ። አሥራ አራት ሆስፒታሉ ነው። ሃያ ሦስት የቀለም ፋብሪካው፣ እሑድ አይከፈት። አርባ ቁጥር ሁለት ጊዜ የሚመጣው በስተምሥራቅ ያለው ቫልቭ በአንድ ዙር ስለማይዘጋ ነው። የልጅ ልጁን እንኳ ከጭኑ ያወርደው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና አለች።

«ለልጅቷ አዝነህ ነው?»

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል፤ መዋሸት እንደማይጠቅመው ያውቃል።

«አይ።»

«ታዲያ?»

«ለኔ ካልሆነች ለማንም አትሁን ብዬ ነው።»

ሚስቱ ቆይታ አየችው። ከዚያ ተነስታ ትራስ አመጣችና ከጀርባው አስገባችለት። «ቀጥል» አለችው።

ደብተሮቹን ራሱ ወሰደላት። ልጅቷ ቆማ ገለጠች፣ ተቀምጣ ገለጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይዞት ይሞት ነበር። ይህን ካየ ሥራ አስኪያጁ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነዎት።»

ጋሽ ፈረቃ አላረማትም። አረንጓዴ ፊደሎቹን አየ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ይህቺ እስክትጠፋ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«በዚህ ደብተር? ስምንት ወር ቢሆን ነው።»

«በስድስት አያልቅም?»