ወደ ማዕድኑ የዞረው ሐዲድ

የባቡር ሐዲድ መጋጠሚያው ከመሠራቱ በፊት እዚያ የነበረው ጭቃ ብቻ ነው። ኩባንያው መጣና ጭቃውን በሐዲድ ሸንሽኖ ሥልጣኔ አለው። ከከተማ የሚመጣው መስመር እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ማዕድኑ፣ ሌላው ወደ ጡብ ፋብሪካው። ማዕድኑ ሰው እየዋጠ ድንጋይ ተፋ፤ ፋብሪካው ጭስ ተፋ፤ ኩባንያው ደግሞ ሜዳሊያ።

ከሜዳሊያዎቹ አንዷ አባ ማንሻ ደረት ላይ አረፈች። ሐዲድ የሚያዞረውን ረጅም ብረት ሲጎትትና ሲገፋ ያረጀ ሰው ነው። የመጋጠሚያው ሕግ አንድ ነበር፦ ወደ ፋብሪካው የሚሄድ ባቡር እንዳለፈ ሐዲዱ ወዲያው ወደ ማዕድኑ ይመለስ። ከማዕድኑ ድንጋይ ጭኖ ቁልቁል የሚንደረደረውን ባቡር ፍሬን አያስቆመውማ!

ማዕድኑ አለቀ። ኩባንያው የዚያን መስመር ጫፍ ነቅሎ ቸበቸበው፤ የቀረው ሐዲድ አንድ ጥቁር ኩሬ አፋፍ ላይ ያበቃል። አባ ማንሻ ግን ባቡር ባለፈ ቁጥር ለሞተው ማዕድን መንገዱን ይከፍታል።

አንድ ቀን አባ ማንሻና ሚስቱ ወደሚኖሩበት የኩባንያው ቤት የጣቢያው ሹም መጣ።

«ነገ ትልቁ አለቃ ይመጣሉ። ጉብኝቱ ካማረ ይህ ቤት እስክትሞቱ የእናንተ ነው። ካላማረ ጠቅልላችሁ ውጡ።»

ሚስቱ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም።

«አንተ ሰውዬ፣ በልጆቼ አምላክ፣ ነገ እንኳ ያንን ብረት ወደ ፋብሪካው አዙረህ ተወው!»

«አንቺ ደግሞ! ስለ ሐዲድ ምን ገብቶሽ ነው?»

ሲነጋ ሜዳሊያውን ወልውሎ ሐዲዱን ወደ ፋብሪካው አዞረ። መጀመሪያ መንገድ የሚጠርግ ባዶ ባቡር አለፈ፤ የታላላቅ ሰዎች ነፍስ ውድ ስለሆነች ከፊት የሚሞትላት ይቀድማል። ባቡሩ እንዳለፈ አባ ማንሻ ብረቱን ያዘና፣ እጁ ራሱን ሳያስፈቅድ፣ ወደ ማዕድኑ መለሰው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። የአለቃው ባቡር እያፏጨ ከፊቱ ታጠፈና ሽቅብ ሄዶ ኩሬው ውስጥ በአፍንጫው ተደፋ።

አለቃው እስከ ብብታቸው ጭቃ ለብሰው ወጡና መጋጠሚያው ድረስ መጡ።

«ሐዲዱን ማነው ያዞረው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ አባ ማንሻ፣ ደረቱን ነፍቶ። «እንደ ሕጉ መልሼዋለሁ!»

ሜዳሊያዋን እዚያው ነጠቁት። ቤቱ ሳይመሽ ለጣቢያው ሹም አማች ተሰጠ፤ አማችየው አልጋውን ይዞ ደጅ ቆሞ ነበር።

ባልና ሚስት ዕቃቸውን ተሸክመው መጋጠሚያው ጋ ሲደርሱ ባዶው ባቡር፣ የጣቢያው ሹም ወደ ፋብሪካው ባዞረው ሐዲድ ላይ፣ ከፋብሪካው ተመልሶ ሽው ብሎ አለፈ። አባ ማንሻ ጓዙን መሬት ጣለና ወደ ብረቱ ሮጠ።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለች ሚስቱ፣ ፍራሹ አናቷ ላይ እንዳለ።

«መጣሁ፣ መጣሁ። ልመልሰውና እንሄዳለን።»